የኑጋር አጠባበቅ

ጥቁር ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ከካርቱም ማዶ በምትገኘው በኦምዱርማን የወንዝ ዳርቻ፣ በ20ኛው ምዕት ዓመት፣ ኑጋር የተባሉ ባለሸራ የጭነት ጀልባዎች ይሠሩና ይጠገኑ ነበር።

ኑጋር እንደ ሌሎች ጀልባዎች ሳንቃውን ከውስጥ የሚይዝ የእንጨት አጽም የለውም። ሱንት ከሚባለው የግራር ዓይነት የተጠረቡ አጫጭርና ወፋፍራም ሳንቃዎች እንደ ጡብ ተደርድረው እርስ በርሳቸው በምስማር ይያያዛሉ። (ግሪካዊው ሄሮዶቱስም ከ2400 ዓመታት በፊት በግብፅ ስለ ነበሩ የግራር ጀልባዎች የጻፈው ይህንኑ የሚመስል ነው።) እንግዲህ የጀልባው ጥንካሬ በሳንቃዎቹ መጋጠሚያ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ጥገናው የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ሳንቃው ውሃ ውስጥ ሲቆይ ያብጣል፤ መጋጠሚያውም ይጠብቃል። ጀልባው የብስ ላይ ወጥቶ በካርቱም ፀሐይ ከሰነበተ ግን እንጨቱ ይኮማተርና ክፍተት ይፈጠራል። ይህ ሳይታይ እህል ቢጫንበት፣ ከሥር የሚሰርገው ውሃ ጭነቱን ያበላሻል፤ ሲብስም ጀልባውን ያሰጥማል። ስለዚህ የላላው ምስማር ይጠብቃል፤ ክፍተቱ በጨርቅ ይወተፋል። ከዚያም ጀልባው ባዶውን ውሃ ላይ ታስሮ፣ የገባው ውሃ እየተቀዳ፣ እንጨቱ እስኪያብጥ ይጠበቃል።

የጣናው ታንኳ ነገር ተቃራኒ ነው፤ የተሠራበት ደንገል ውሃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ከጉዞ በኋላ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል።

የኑጋር ሸራም እርጥብ ሳለ አይጠቀለልም፤ ጥጡ ሻግቶ በነፋስ ይቀደዳልና።