የጓሮና የገበያ ቲማቲም

የጓሮ ቲማቲም በቤት አጠገብ ተተክሎ፣ ተክሉ ላይ ከበሰለ በኋላ የሚለቀም ቲማቲም ነው። ለገበያ የሚመረተው ግን ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ ብዙውን ጊዜ መቅላት ሲጀምር፣ አንዳንዴም ገና አረንጓዴ ሳለ ይለቀማል። የሁለቱ የጣዕም ልዩነት በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ የመልቀሚያ ጊዜና ከዝርያው ነው።

ቲማቲም ከተለቀመም በኋላ ኤቲሊን የተባለ ጋዝ እያመነጨ ይቀላል፣ ይለሰልሳል። ስኳሩን የሚያገኘው ግን በዋነኛነት ከተክሉ ቅጠሎች ነው፤ ሲለቀም ይህ ይቋረጣል። ስለዚህ መቅላቱ ብቻ መጣፈጡን አያሳይም። ብርድም መዓዛውን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የቆየ ቲማቲም መዓዛ የሚሰጡትን ውህዶች የሚያመርቱ ዘረመሎቹ ሥራቸው እንደሚዳከም አሳይቷል። ቲማቲምን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ ወደ አዲስ አበባ በእንጨት ሳጥን ተደራርቦ የሚጫን ቲማቲም ሳይፈርጥ መድረስ አለበት። ሮማ ቪኤፍን የመሰሉ ሞላላና ሥጋቸው ጠንካራ የሆኑ ዝርያዎች ለዚህ ይስማማሉ። ክብና ውሃማ የሆነው ማርግሎብ ግን ለጓሮ የተሻለ ነው።

የጓሮው ሁልጊዜ ይበልጣል ማለት ግን አይደለም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የማቻከል ወረዳ ከተማ አማኑኤል ደጋ ናት። ቲማቲም ደግሞ ሙቀት ወዳድ ነው፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ አበባው ፍሬ ሳይዝ ሊረግፍ ይችላል፣ የያዘውም ቀስ ብሎ ይቀላል። በክረምት ደግሞ የድንችን ቅጠል የሚያጠቁረው በሽታ ቲማቲምንም ያጠቃል። ይህ በሽታ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ሕዝቡን ለረሃብ የዳረገው ነው። ስለዚህ በደጋ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ፀሐይ በሚያገኝ ግድግዳ ሥር፣ ከድንች ማሳ ርቆ፣ ውሃ እየጠጣ የሚያድግ ተክል የተሻለ ዕድል አለው። በብርድ ወይም በበሽታ ስጋት ሳይበስል ተለቅሞ ቤት ውስጥ የሚቀላ የጓሮ ቲማቲም ከጉሊት ከሚገዛው ብዙም አይለይም።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታወቀው በጥሬው ሲበላ፣ ለምሳሌ በቲማቲም ቁርጥ ወይም በፍትፍት ነው። ለስልስ ግን በሽንኩርትና በዘይት ረጅም ጊዜ ስለሚቁላላ ጠጣር የሆነው የገበያ ሮማ በቂ ነው፤ ውሃው ጥቂት በመሆኑም ቶሎ ይወፍራል።