የሚናገር መሣሪያና የሚያዳምጥ መምህር

ዕውቀት በእስልምና ያለውን ከፍተኛ ሥፍራ ለመረዳት ከመጀመሪያው ወሕይ የተሻለ ማስረጃ መፈለግ አያሻም። በሒራእ ዋሻ ውስጥ ለነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ቀድሞ የወረደው ቃል የማንበብ ትእዛዝ ነበር። ከዚያው ጋር ብዕር ተወሳ። ብዕር ደግሞ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ሙስሊም የመማሪያ መሣሪያን በጥርጣሬ የሚያይበት ምክንያት የለውም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ መሣሪያው በመምህሩና በተማሪው መካከል ሲገባ ምን ይጨምራል? ምንስ ያስቀራል?

ይህ ጥያቄ የምሁራን ብቻ አይደለም። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በየቡ ያሉ ወላጆች በየቤታቸው የሚጋፈጡት ነው። ቡናው ተሽጦ ገንዘብ ሲገባ ልጆች አስቀድመው የሚጠይቁት ስልክ ሆኗልና።

ከሉሕ የተገኘ ትምህርት

ጅማ ለትምህርት አዲስ አገር አይደለችም። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. 1878–1932) የንግድ ብቻ ሳይሆን የእስልምና ዕውቀትም ማዕከል ነበረች። የዐረብኛው ኪታብ በኦሮምኛ ይፈታ ነበር፤ ኦሮምኛውም በዐረብኛ ፊደል ይጻፍ ነበር።

በቁርኣን ቤት የሕፃኑ መሣሪያ የእንጨት ሉሕ ነው። ትምህርቱ በጥቀርሻ ቀለም ይጻፍለታል፤ ልጁ ደጋግሞ ያነበንበዋል፤ ከዚያም ወደ ሸይኹ ቀርቦ ያሰማል። በሚገባ ካሰማ ሉሑ ታጥቦ አዲስ ይጻፍለታል። ካልያዘው አይታጠብም። ሃያ ልጆች በአንድ ድምፅ እየጮሁ እንኳ የአንዱ ልጅ ስሕተት ከሸይኹ ጆሮ አያመልጥም። የትምህርቱ ምስጢር ያለው በሉሑ ላይ ሳይሆን በዚያ ጆሮ ውስጥ ነው።

ይህ ሥርዓት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተወረሰ ነው። ጂብሪል (ዐ.ሰ) በየዓመቱ በረመዳን እየመጡ ቁርኣንን አብረው ይከልሱ ነበር፤ በመጨረሻው ዓመት ደግሞ ሁለት ጊዜ ከለሱ። እርሳቸውም አንድ ቀን ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድን ቁርኣን እንዲያነብላቸው ጠየቁት። ቁርኣኑ የወረደው በርሳቸው ላይ ሆኖ ሳለ እርሱ እንዴት እንደሚያነብላቸው ግራ ቢገባው፣ ከሌላ ሰው መስማት እንደሚወዱ ነገሩት። ሱረቱ-ኒሳእን ሲያነብላቸው ዐይኖቻቸው እንባ አቀረሩ። ከሁሉ የላቁት መምህር ተቀምጠው አዳመጡ!

እ.ኤ.አ. በ1961 የግብጹ ቃሪእ ሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ሙሉውን ቁርኣን በድምፅ አስቀዱ። ካሴቱ ውሎ አድሮ በየሙስሊሙ ቤት ገባ፤ ጥቅሙም ትልቅ ሆነ። ይሁን እንጂ ካሴት በመስማት ብቻ ኢጃዛ የተሰጠው ሐፊዝ የለም። ተማሪው ዛሬም ከሸይኹ ፊት ተቀምጦ ማሰማት ይኖርበታል። ካሴቱ በትክክል ያነባል፤ የተማሪውን ስሕተት ግን አይሰማም።

ፕላዝማው ሲመጣ

ይኸው ነገር በዘመናዊው ትምህርት ቤት በሰፊው የተፈተነው በ1990ዎቹ ዓ.ም. መገባደጃ ነው። በመላ አገሪቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ተሰቀለ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁ የሒሳብ፣ የሳይንስና የእንግሊዝኛ ትምህርቶች ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይሠራጩ ጀመር። የክፍለ ጊዜው አብዛኛው ደቂቃ የማያው ሆነ፤ ለመምህሩ በመግቢያና በመዝጊያ ጥቂት ደቂቃዎች ተረፉለት።

ሐቁን እንናገር። ቤተ ሙከራ በሌለበት የገጠር ከተማ የሚኖር ተማሪ የኬሚስትሪ ሙከራን በዐይኑ ማየቱ ቀላል ነገር አልነበረም። የአዲስ አበባና የጌራ ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት ማግኘታቸውም በጎ ሐሳብ ነበር።

ነገር ግን ልጆቻችን እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩት በኦሮምኛ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ባልለመዱት አነጋገር በፍጥነት የሚወርድ እንግሊዝኛ ጠበቃቸው። ማያው ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰኮንዶች ቆይቶ መልሱን ራሱ ይናገራል። ተማሪው መለሰም አልመለሰም፣ ገባውም አልገባውም ይቀጥላል። ከኋላ ወንበር ግራ የተጋባውን ፊት አያይም። መምህሩ ያያል፤ ግን ማያውን ማስቆም አይችልም።

የቡና አገር ደግሞ የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀዩ ቡና ሲደርስ ከክፍል የሚጎድለው ልጅ ብዙ ነው። ቤተሰቡ የዓመት ኑሮውን በእነዚያ ሳምንታት ይለቅማልና። ሥርጭቱ ግን ለመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት የሚተላለፍ በመሆኑ ለቡና ለቃሚ ልጅ አይጠብቅም፤ መብራት ሲጠፋም አይጠብቅም። ሉሑ የልጁን ፍጥነት ይከተል ነበር፤ እዚህ ልጁ መሣሪያውን እንዲከተል ሆነ።

ዛሬ በእጃችን ያለው

አሁን ማያው ከግድግዳ ወርዶ በልጁ ኪስ ገብቷል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲቀጥል ተሞከረ። ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው የተጠየቀውን ሁሉ ወዲያው ይመልሳል፤ የሒሳቡን ስሌት ይሠራል፤ ድርሰቱን ይጽፋል። በአግባቡ ለሚጠቀምበት ተማሪ ከአላህ ኒዕማዎች አንዱ ነው። አደጋው፣ ልጁ ማሰማት ያለበትን ትምህርት መሣሪያው ራሱ እየሠራለት፣ ያልተያዘው ሉሕ ሳይታወቅ መታጠቡ ነው።

ልጅ ያልያዘው ነገር አንድ ቀን ይገለጣል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በስልክ ማላከክ ፍትሕ አይሆንም። ሆኖም አብዛኞቹ ልጆች ለአሥራ ሁለት ዓመታት ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፉ ምን እንደያዙና ምን እንዳልያዙ በቅርብ የሰማቸው ሰው እንዳልነበረ ያሳያል።

ወላጅ ምን ያድርግ?

ውድ ወላጆች! ስልኩን መስበር መፍትሔ አይሆንም፤ ዝም ብሎ ማስረከብም እንዲሁ። ከእናንተ የሚጠበቀው ማዳመጥ ነው። ለማዳመጥ ደግሞ ዲግሪ አያስፈልግም። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ልጇን «ዛሬ ምን ተማርክ? እስቲ ለእኔም አስረዳኝ» ብላ ልትጠይቀው ትችላለች። በአገራችን ቡና ሲፈላ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማስረዳት ካቃተው ትምህርቱ ገና አልገባውም።

ከስልኩ መልስ ያገኘ ልጅ ስልኩን ዘግቶ መልሱን በራሱ አንደበት ይድገመው። ስልኩም ቤተሰብ በሚቀመጥበት ክፍል እንጂ በመኝታ ቤት አይዋል። በለቀማ ወራት ልጁ የሚጎድል ከሆነ ወላጅ አስቀድሞ መምህሩን ያነጋግር፤ ያመለጠው ትምህርት ተቆጥሮ ይያዝ። የመድረሳው ኡስታዝና የትምህርት ቤቱ መምህርም አንድ ልጅ እያሳደጉ ነውና ቢተዋወቁ መልካም ነው።

እኛ መምህራንም አማና አለብን። በተጨናነቀ ክፍል ሁሉንም በየቀኑ መስማት ባይቻል እንኳ በየቀኑ ጥቂቶቹን እያስነሡ ማድመጥ ይቻላል። መናገሩን መሣሪያው ሊያግዘን ይችላል፤ ማዳመጡ ግን የእኛ ድርሻ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ጠቃሚ ዕውቀትን ይጨምርልን፤ ልጆቻችንንም የዐይን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን።