አስም ያለበት ልጅ ቱባ መንፋት ይችላል?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንዲት እናት እንዲህ ብላ ጠይቃኛለች፦

«ዶክተር፣ የ12 ዓመት ልጄ አስም አለበት። ትምህርት ቤት ማርሽ ባንድ ገብቶ ያንን ግዙፉን ቱባ ሰጡት። አባቱ ‹ሳንባውን ይጨርሰዋል፣ ይውጣ› ይላል። ልጁ ደግሞ እያለቀሰ ነው። ምን ትለኛለህ?»

አጭሩ መልስ፦ አስሙ በቁጥጥር ሥር ከሆነ ይችላል። አባትየውም መጨነቁ አይፈረድበትም፤ መሣሪያውን ላየ ሰው ያስፈራል። እስቲ ነገሩን እንየው።

👉 ትልቅ መሣሪያ ማለት ትልቅ ጉልበት ማለት አይደለም

የትራምፔት ቧንቧ ቢዘረጋ 1.4 ሜትር ገደማ ነው። የትሮምቦን 2.7፣ የተለመደው ቱባ ደግሞ ወደ 5.5 ሜትር ይደርሳል። ድምፁ የሚወፍረው ቧንቧው ስለሚረዝም ነው።

ትኩስ ሻይ ለማቀዝቀዝ ስትነፉ ከንፈራችሁን ታጠባላችሁ፣ አየሩም በግፊት ይወጣል። በብርድ ጠዋት እጃችሁን ለማሞቅ «ሃ…» ስትሉ ግን ብዙ አየር ያለ ግፊት ይወጣል። ከፍ ያለ የትራምፔት ድምፅ ወደ መጀመሪያው ይቀርባል፤ ቱባ ወደ ሁለተኛው። ቱባ ብዙ አየር ይፈልጋል፣ ነገር ግን ብዙ ግፊት አይፈልግም። አየር ቶሎ ስለሚያልቅም ልጁ ቶሎ ቶሎ፣ በረጅሙ መተንፈስ ይለምዳል።

ምሳሌ ላንሳላችሁ። አርኖልድ ጃኮብስ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1988 በአሜሪካ የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቱባ ተጫዋች ነበር። አስም ነበረበት፣ የሳንባው አቅምም ውስን ነበር። ሆኖም በዘመኑ ስለ አተነፋፈስ በማስተማር ከታወቁት ሰዎች አንዱ ሆኗል።

ይህን ስል ግን ሙዚቃ አስምን ይፈውሳል ማለቴ አይደለም! ቱባ ሳንባን አያሳድግም፣ ፓፍንም አይተካም። የሚያስተምረው ያለውን ትንፋሽ በአግባቡ መጠቀምን ነው።

👉 ለባንዱስ ምን ይጠቅማል?

ብዙ ልጅ ትራምፔት ነው የሚመርጠው፤ ዜማውም ጭብጨባውም እዚያ ነው። ነገር ግን ቱባ፣ ባሪቶንና ትሮምቦን የሌሉበት ባንድ ድምፁ ቀጭን ነው፤ መሠረት እንደሌለው ቤት። እርምጃውን ከከበሮው ጋር የሚይዙት፣ ሌሎቹም ድምፃቸውን የሚያስተካክሉባቸው እነሱ ናቸው።

ይሄ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። እምቢልታን አስቡት፦ አንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ ሙዚቃ የሚሆነው ሌሎቹ ሲጨመሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የምንላቸው፣ አዲስ አበባ ላይ የቤተ መንግሥት ማርሽ ባንድ ሆነዋል። የዘመናዊ ሙዚቃችን አንዱ መነሻ እነዚያ በጋራ የነፉ ወጣቶች ናቸው።

አስም ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ «አትሩጥ፣ ተው፣ ይብቃህ» እየተባለ ያድጋል። «አንተ ከሌለህ ባንዱ አይሞላም» መባል ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

👉 ከመፍቀዳችሁ በፊት

1. አስሙን አረጋግጡ። ባለፉት 4 ሳምንታት በሳምንት ከ2 ጊዜ በላይ ቀን ላይ ካፈነው ወይም ማስታገሻ ፓፍ ካስፈለገው፣ ሌሊት ከቀሰቀሰው ወይም ከጨዋታ ካስቀረው ቁጥጥሩ የተሟላ አይደለም። መጀመሪያ ሐኪሙን ያግኝ።

2. ፓፉ ከቦርሳው አይጥፋ። አስተማሪውም ይወቅ። ሲነፋ ደረቱ ካፈነ ወይም «ሲር ሲር» ካለ ያቁምና ፓፉን ይውሰድ። ካልተሻለው ወዲያው ወደ ሕክምና።

3. መሣሪያው ይጽዳ። ውስጡ እርጥብ ስለሆነ ሻጋታና ባክቴሪያ ያበቅላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በሕክምና መጽሔት የታተመ ታሪክ አለ፦ ለ15 ዓመት ያሳለው የትሮምቦን ተጫዋች መሣሪያውን በደንብ ማጽዳት ሲጀምር ሳሉ ለቀቀው። አፍ የሚነካው ክፍል ለየልጁ የራሱ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ካልሆነ በየመሃሉ ታጥቦ በፀረ ተሕዋስያን ይጽዳ።

4. ጆሮ። ለአዋቂ ሠራተኞች በሚመከረው መሠረት 85 ዴሲቤል ድምፅ ለ8 ሰዓት፣ 94 ዴሲቤል ግን ለ1 ሰዓት ብቻ ነው። የባንድ ልምምድ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። የጆሮ መድፈኛ ያድርግ፣ መሃል ላይ ዕረፍት ይኑር።

5. ወገብ። ቱባ 10 ኪሎ ገደማ ሊመዝን ይችላል። ልምምዱ ተቀምጦ፣ መሣሪያው በማስቀመጫ ተደግፎ ይሁን። ከከበደው ባሪቶን ላይ ይጀምር።

ለአባትየው ደግሞ አንድ ነገር ልበል፦ ወንድሜ፣ ከመከልከልህ በፊት አንድ ቀን ልምምዳቸው ላይ ተገኝ። ልጅህ ለአፍታ ሲያቆም የባንዱ ድምፅ ምን እንደሚሆን አዳምጥ። ከዚያ ወስን።

ልጁ ማርሽ ባንድ ውስጥ ላለ ወላጅ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።