አስከሬናቸው ያልተመለሰ ልጆቻችንን እንዴት እናስባቸው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን!

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ ከሰቶ ሰመሮ እስከ አጋሮና ሊሙ ገነት፣ ልጃቸው ለውትድርና ሄዶ መቃብሩ ያልታወቀላቸው ቤተሰቦች አሉ። የሞተበት ቀን ስለማይታወቅ ተዝካሩን መቼ እንደሚያወጡ ይጨነቃሉ፤ አስከሬኑ ስላልመጣ ፍትሐት አይደረግለትም ብለው የተዉም አሉ። በዚህ ጽሑፍ ሀገራችን ያለፈችበትን የእርስ በርስ ጦርነት እያስታወስን፣ ስለ እነዚህ ሙታን መታሰቢያ ልናደርገው የሚገባንን እንመለከታለን።

ጦርነቱ ከቡናው ምድር ምን ወሰደ?

ጅማ በዘመነ ደርግ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ዋነኞቹ የጦር ዐውድማዎች በሰሜን ቢሆኑም ጦርነቱ ከአካባቢው ሕዝብ ደጅ አልራቀም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር በአዲስ አበባና በክፍላተ ሀገር ከተሞች ወጣቶችን ፈጀ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ዐዋጅ ከወጣ በኋላ በየቀበሌው ወጣቶች ይመለመሉ፣ ከገበያና ከመንገድም ይታፈሱ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ዘመን ደግሞ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ የተነሡ ሰፋሪዎች ወደ ከፋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ወለጋ መጡ። ምድሪቱ ልጆቿን ወደ ሰሜን እየላከች ከሰሜን የተፈናቀሉትን ትቀበል ነበር።

በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍዓበት፣ በየካቲት 1981 ዓ.ም. ሽሬ፣ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ሲወድቁ ብዙ ወታደሮች ሞቱ፤ ብዙዎችም ተማረኩ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ሠራዊቱ ተበተነ። ከተመላሾቹ መካከል ልጃቸውን ያጡ ወላጆች የት እንደ ወደቀ የሚነግራቸው ሰው ፈለጉ፤ ሁሉም ግን አላገኙም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም ድረስ የተካሄደው ጦርነትም ይህንኑ ኀዘን በሌላ ትውልድ ላይ አመጣ።

በልማዳችን መርዶ ሲነገር ሽማግሌዎች ማልደው ይሄዳሉ፣ እድር ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። በጅማ ምድር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ልቅሶ ቤት ተቀምጠው ይጽናናሉ። መርዶው ያልተነገረለት ሰው ግን ድንኳን አልተተከለለትም። እናቱ አንድ ቀን ይመጣል እያለች ደጅ ደጁን ስታይ ኖራለች።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ኀዘን ታውቀዋለች

ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው በግፍ ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ዐፅማቸው ከተጣለበት ወጥቶ በአዲስ አበባ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ልጆቻቸው የት እንደ ተቀበሩ የማያውቁ ወላጆች የሚያዝኑትን ኀዘን ቤተ ክርስቲያናችንም በአባቷ አይታዋለች።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ዕረፍቱ ተረጋግጦ አስከሬኑ ያልመጣ ከሆነ ጸሎቱ አይቀርበትም። ጸሎተ ፍትሐት ለነፍስ የሚደረግ ልመና ነውና እግዚአብሔር በየትኛው ተራራ ሥር እንደ ተኛ ያውቀዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ለሄኔሲፎሩ በዚያች ቀን ምሕረትን እንዲያገኝ እንደ ለመነለት (2ኛ ጢሞ. 1፥18) እኛም እንለምናለን። ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ ዐሥራ ሁለቱ፣ ሠላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ የሚቈጠርበት ቀን ካልታወቀ ከንስሓ አባት ጋር ተመካክሮ መወሰን ይገባል።

ሁለተኛ፣ መኖሩም መሞቱም ካልታወቀ ወደ ጠንቋይ መሄድ ከኀዘኑ ላይ ኃጢአትን መጨመር ነው። ያዕቆብ በደም የተነከረውን ቀሚስ አይቶ ዮሴፍ ሞቷል ብሎ ለብዙ ዘመን አለቀሰ (ዘፍ. 37)፤ ልጁ ግን በግብፅ ነበረ። ያዕቆብ የማያውቀውን እግዚአብሔር ያውቅ ነበር። ስለዚህ ሁሉን ለሚያውቀው አምላክ አሳልፎ ሰጥቶ ስሙን በጸሎት ማንሣት ይገባል።

ሦስተኛ፣ የክርስትና ስሙን እንጻፍ። በሠራዊቱ መዝገብ የሚገኘው የዓለም ስሙ ነው፤ ካህኑ በጸሎት የሚያነሣው ግን የክርስትና ስሙን ነው። ይህን ስም በቃል የያዙት እናቶች እያረፉ ነው። ወንድሞችና እኅቶች ዛሬ ጠይቀው ካልጻፉ ስሙ ከእናቲቱ ጋር ይቀበራል፤ የሚዘከርለትም አይኖርም።

ያለ ቂም መታሰብ

በሳኦል ቤትና በዳዊት ቤት መካከል ረዥም ጦርነት ነበረ (2ኛ ሳሙ. 3፥1)። ዳዊት ግን ሊገድለው ያሳድደው ለነበረው ለሳኦል አለቀሰ፤ የልቅሶውንም ቅኔ የይሁዳ ልጆች እንዲማሩት አዘዘ (2ኛ ሳሙ. 1፥17-18)። ኋላም የሳኦልንና የዮናታንን ዐፅም አሰብስቦ በሳኦል አባት መቃብር እንዲቀበር አደረገ (2ኛ ሳሙ. 21፥12-14)። በእኛም ጦርነት በሁለቱም ወገን የተሰለፉት ብዙዎቹ በአንድ ጥምቀት የተወለዱ ናቸው። የራሳችንን ልጅ ስናስብ በማዶው ምሽግ የወደቀውንም፣ እናቱ እንደ እኛ የምትጠብቀውን፣ በጸሎታችን አንርሳ። ለልጆቻችን የጦርነቱን ታሪክ ስንነግራቸው ይህንንም አብረን እንንገራቸው፤ ካልሆነ የምናወርሳቸው ቂምን ነው።

እግዚአብሔር አምላክ ያረፉትን ነፍሳት በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ የቀሩትን ያጽናልን፤ ለሀገራችንም ሰላሙን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።