ለአነስተኛ ንግድ የሚበጀው የትኛው ዕውቀት ነው?

የሂሳብ አያያዝን የተማረ ነጋዴ ካልተማረው ይበልጥ ያተርፋል? በቶጎ የተካሄደ ጥናት መልሱ የሚታሰበውን ያህል ቀላል እንዳልሆነ አሳይቷል።

ተመራማሪዎች በዋና ከተማዋ ሎሜ በሥራ ላይ የነበሩ 1500 አነስተኛ ነጋዴዎችን በዕጣ በሦስት እኩል ቡድኖች ከፈሉ። አንደኛው ቡድን የሂሳብ አያያዝንና ግብይትን የመሳሰሉ የተለመዱ ትምህርቶችን ተከታተለ። ሁለተኛው በሥነ ልቦና ላይ የተመሠረተ ሥልጠና ወሰደ፤ ይኸውም በራስ ተነሳሽነት መሥራትን፣ ከሌሎች የተለየ ነገር ማቅረብንና እንቅፋትን ቀድሞ መገመትን የሚያለማምድ ነበር። ሦስተኛው ቡድን ምንም ሥልጠና አላገኘም።

እ.ኤ.አ. በ2017 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት የወጣው ውጤት እንደሚያመለክተው፣ የሁለተኛው ቡድን ትርፍ ካልሠለጠኑት በ30 በመቶ በልጧል። የተለመደውን ትምህርት የወሰዱት ብልጫ ግን 11 በመቶ ሲሆን፣ እርሱም በስታቲስቲክስ ረገድ አስተማማኝ አልነበረም።

ይህ ማለት ግን የሂሳብ መዝገብ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። መዝገቡ ትርፍና ኪሳራን ይለያል፤ አዲስ ገበያ ፈልጎ የሚያገኘው ግን ባለቤቱ ነው። ለዘመድ የንግድ መነሻ ገንዘብ የሚልኩ በውጭ የሚኖሩ ወገኖችም፣ ተቀባዩ ሂሳብ ከማወቁ ባሻገር ደንበኛ የመፈለግ ልምድ እንዳለው አስቀድመው ቢጠይቁ ይበጃል።