ኤል70 ወይስ ኤል71?

በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ አሥረኛ እትም፣ በተለምዶ አይሲዲ-10 በሚባለው፣ ብጉር ኤል70 ሲሆን ሮዛሺያ ኤል71 ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ፊት ላይ ሲወጡም ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ትናንሽ እብጠትና መግል የቋጠረ ሽፍታ ያመጣሉ። ብጉር ያለበት ፊት ላይ ግን ቅባት የደፈናቸው ጥቁርና ነጭ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ሮዛሺያ እነዚህ የሉትም። የእሱ ዋና መለያ ከመሐል ፊት፣ ከጉንጭና ከአፍንጫ የማይለቅ መቅላት ነው። ሕክምናውም ይለያል፤ ለብጉር የሚታዘዙ ቆዳ የሚልጡ ቅባቶች ሮዛሺያ ያለበትን ፊት ያቃጥላሉ።

አስቸጋሪው እዚህ ላይ ነው። መቅላቱ ለዘመናት የተገለጸው ነጭ ቆዳ ላይ እንደሚታየው ሆኖ ነው። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ሜላኒን ስለሚሸፍነው ጠቆር ብሎ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ቀለም አድልቶ ይታያል፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ አይለይም። በሽታው ጥቁር ሕዝብ ዘንድ ብርቅ ነው ሲባል የኖረው በከፊል ስለማይታይ ነው። ለዚህ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ዘዴ አለ። ከላቦራቶሪ የተገኘ የመስታወት ስላይድ ጉንጭ ላይ ቀስ ብሎ መጫን ነው። የሰፉ የደም ሥሮች ካሉ ደሙ ለጊዜው ይሸሽና ቦታው ይገረጣል፤ ስላይዱ ሲነሳ ቀለሙ ይመለሳል። ያ መገርጣት የታካሚው ካርድ ላይ ከተጻፈ ማስረጃ ነው፤ ካልተጻፈ የሚቀጥለው ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል።

ከጎሬ ሪፈር ተጽፎላቸው አንዲት እናት መቱ ካርል ሆስፒታል መጡ እንበል። ምጣድ ፊት ሲቀመጡ ፊታቸው ይነድዳል፤ ፀሐይ ያባብሰዋል፤ ዓይናቸው አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራቸዋል። ይህን በአፋን ኦሮሞ ይናገራሉ፤ ባለሙያው ደግሞ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ወረፋው ረጅም ነውና ካርዱ ላይ «የፊት ሽፍታ» ብቻ ብሎ ቢያልፍ፣ ኮዱ አር21 ይሆናል፤ ይኸውም ስሙ ያልታወቀ ሽፍታ ማለት ነው። «የቆዳ በሽታ» ብሎ ከጻፈ ኤል98.9 ነው፣ እሱ ደግሞ ምንም አይነግረንም። ኮድ የሚሰጠው ሰው በሽተኛዋን አላያቸውም፤ ያለው ካርዱ ብቻ ነው። ምጣዱን፣ ፀሐዩንና ዓይናቸውን ከዚያ ውጭ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለም። ምርመራው ገና ካላለቀ በግምት ሮዛሺያ ከማለት ምልክቱን በራሱ ኮድ ማስመዝገብ ሐቀኛ አሠራር ነው፤ ለፊት መቅላትና መንደድ አር23.2 አለ።

ኤል71 ራሱ በውስጡ ይከፈላል። በአፍ ዙሪያ የሚወጣው ሽፍታ ኤል71.0፣ አፍንጫን የሚያወፍረውና የሚያጎረብጠው ኤል71.1፣ ሌላው ዓይነት ኤል71.8፣ ያልተብራራው ኤል71.9 ናቸው። ዓይን ሲነካ የበለጠ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በዚሁ ምደባ የዓይን በሽታው ትራኮማ ኤ71 ነው። በኤና በኤል መካከል ያለው ልዩነት የእጅ ጽሑፍ ጉዳይ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ትራኮማ በብዙ ወረዳዎች በዘመቻ በሚታከምበት አገር ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። በእኔ እምነት ከኮዱ አጠገብ የበሽታው ስም በፊደል መጻፍ አለበት፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያርመዋል።

መቱና ጎሬ በሚገኙበት በኢሉባቦር ዞን ሌላም የሚያምታታ ነገር አለ። ዞኑ ኦንኮሰርኪያሲስ ካለባቸው አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ ነዋሪው በዘመቻ የሚታደለውን መክቲዛን፣ ማለትም አይቨርሜክቲንን ያውቀዋል። ኦንኮሰርኪያሲስ በቢ73 የሚመዘገብ ሲሆን በብዛት ገላን የሚያሳክክ ነው፤ ሮዛሺያ ግን ከማሳከክ ይልቅ ፊትን ያቃጥላል። የሚገርመው ይኸው አይቨርሜክቲን እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ አንድ ፐርሰንት ክሬም ሆኖ ለሮዛሺያ ተፈቅዷል። ክሬሙና እንክብሉ ግን የተለያዩ ናቸው፤ በዘመቻ የተሰጠውን እንክብል ለፊት ብሎ ማስቀመጥ አይገባም። ካርዱ ላይ «አይቨርሜክቲን ወስዳለች» ብቻ ከተጻፈም የትኛውን፣ መቼና ለምን የሚለው ጠፍቶ ይቀራል።

ስለ ቡናም አንድ ነገር ማለት ተገቢ ነው፤ የያዮን የቡና ደን በታቀፈ ምድር ቡና ተዉ ማለት ቀላል ምክር አይደለም። ትኩስ መጠጥ ሮዛሺያን ይቀሰቅሳል ስለሚባል ብዙዎች ቡናን ይወነጅላሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ ከ82,000 በላይ አሜሪካውያን ሴት ነርሶችን የተከታተለ ጥናት ግን ካፌይን ያለውን ቡና አብዝተው የሚጠጡት በሮዛሺያ የመያዛቸው ዕድል ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቷል። ስለዚህ ቀስቃሹ ሲመዘገብ «ቡና» ተብሎ ሳይሆን መጠጡ ምን ያህል ትኩስ እንደነበር ተጠይቆ ቢጻፍ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ በየሱቁ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የተባለ የስቴሮይድ ቅባት ነው። ፊት ለማቅላት ወይም ሽፍታ ለማጥፋት ለወራት ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳል፤ ራሱም ሮዛሺያ መሳይ በሽታ ያመጣል። ቅባቱ ሲቋረጥ ፊቱ ስለሚብስ ሰው ወደ ቅባቱ ይመለሳል። ለመድኃኒት ጉዳት በአይሲዲ-10 የተለየ ኮድ አለ፤ ለቆዳ ቅባቶች ዋይ56 ነው። ከኤል71 ጋር አብሮ ካልተመዘገበ፣ የበሽታው ምክንያት የሆነው ቅባት በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይታይም።

መረጃው ከካርዱ ወደ ተመላላሽ ሕክምና መዝገብ፣ ከመዝገቡ ወደ ወሩ ሪፖርት፣ ከዚያ ዲኤችአይኤስ ቱ ወደሚባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ይገባል። የጤና ሚኒስቴር አገራዊ የበሽታዎች ምደባ ከአይሲዲ የተቀዳ አጠር ያለ ዝርዝር ስለሆነ፣ ብርቅ የተባለው በሽታ «ሌሎች የቆዳ በሽታዎች» ውስጥ ሊጠቃለል ይችላል። ቁጥሩ እዚያ ቢዋጥም ካርዱ ላይ የተጻፈው ይቀራል፤ አይሲዲ-11 ሮዛሺያን ኢዲ90.0 ብሎ በአዲስ ኮድ ስለሚያስቀምጠው፣ ወደ አዲሱ ምደባ በሚደረገው ሽግግር የቀድሞ ካርዶችን መልሶ ማንበብ የሚቻለው ዝርዝሩ ከተጻፈ ብቻ ነው። ታካሚውም ድርሻ አለው፦ የተጠቀመበትን ቅባት ከነቱቦው ይዞ መምጣት፣ ዓይኑ የሚቆረቁረው ከሆነ ሳይጠየቅም መናገር፣ የበሽታው ስምም ካርዱ ላይ እንዲጻፍለት መጠየቅ።