ወደየት ይመለሱ? በቴንጌሩ ሰፈር ስለ ነበሩት ፖላንዳውያን ስደተኞች

ጦርነት ሲያበቃ ስደተኛ ወደ አገሩ ይገባል ተብሎ ይታሰባል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጡት ፖላንዳውያን ግን፣ ወገናቸው ከድል አድራጊዎቹ ጋር የተሰለፈ ሆኖ ሳለ፣ ጥቂቶች ካልሆኑ በቀር ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ይህ ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት አስቀድሞ የስደታቸውን መነሻ መመልከት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በሴፕቴምበር 1939 ጀርመን ከምዕራብ፣ ሶቪየት ኅብረት ከምሥራቅ ገብተው ፖላንድን ተካፈሏት። ምሥራቁን ክፍል የያዘው የሶቪየት አስተዳደር ከፌብሩዋሪ 1940 እስከ ጁን 1941 ባለው ጊዜ በአራት ዙር ብዙ ቤተሰቦችን ወደ ሳይቤሪያ፣ ወደ ሰሜን ሩሲያ ደኖችና ወደ ካዛክስታን አጋዘ። በሶቪየት መዛግብት የተገኘው ቍጥር 320 ሺህ ያህል ነው፤ ስደተኞቹ ራሳቸው ይሰጡት የነበረው ግምት ግን ከዚህ እጅግ የበለጠ ነበር። በመጀመሪያ የተወሰዱት መሬት የተሰጣቸው የቀድሞ ወታደሮችና የደን ጠባቂዎች ከነቤተሰባቸው ናቸው። ሌሊት በራቸው ተመትቶ፣ የሚችሉትን ያህል ዕቃ ሸክፈው፣ በዕቃ መጫኛ ፉርጎ ተጭነው ሄዱ።

ጀርመን በጁን 1941 ሶቪየት ኅብረትን በወጋች ጊዜ ሁኔታው ተለወጠ። ለንደን የነበረው የፖላንድ ስደተኛ መንግሥት በጁላይ 30 ቀን 1941 ከሞስኮ ጋር ስምምነት አደረገና ግዞተኞቹ «ምሕረት» ተደረገላቸው። (ምን ጥፋት ኖሮባቸው ምሕረት እንዳስፈለጋቸው ስምምነቱ አይናገርም።) ከየግዞቱ የተለቀቁት ወንዶች ጄኔራል አንደርስ ወደሚያቋቁመው ጦር ሲጓዙ፣ ሴቶችና ልጆችም እየተራቡና በተስቦ እያለቁ ተከተሏቸው። በ1942 በሁለት ጊዜ 115 ሺህ ያህል ሰው በካስፒያን ባሕር ተሻግሮ ኢራን ገባ፤ ከዚህም ውስጥ ሲሶ ያህሉ ሲቪል ነበር። ወታደሮቹ በኢራቅና በፍልስጥኤም በኩል አልፈው በኢጣልያ ተዋጉ። ሲቪሎቹን ግን ኢራን ለዘለቄታው ልታኖራቸው አልቻለችም። ከፊሉ ወደ ህንድና ወደ ሜክሲኮ ሲላክ፣ 733 ልጆች በ1944 ኒውዚላንድ ደረሱ። 18 ሺህ ያህሉ በእንግሊዝ ሥር ወደ ነበሩት የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ ግዛቶች ተወሰዱ።

ከሰፈሮቹ ዋነኛው በታንጋኒካ፣ ከአሩሻ ከተማ አጠገብ፣ በሜሩ ተራራ ግርጌ የተሠራው ቴንጌሩ ነው። ሰው በበዛበት ጊዜ 5 ሺህ ያህል ነፍስ ነበረበት። ቤቶቹ ክብ፣ በጭቃ የተመረጉ፣ ሣር ክዳን ጎጆዎች ነበሩ። ወንዶቹ ወይ ጦር ሜዳ ወይ መቃብር ስለ ነበሩ፣ ሰፈሩ በአብዛኛው የእናቶችና የልጆች ነበር። ሴቶቹ ወዲያውኑ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ሐኪም ቤት፣ እርሻ፣ የስካውት ማኅበርም ተቋቋመ። ልጆቹ የሚማሩት ከፖላንድ ታሪክና ጂኦግራፊ ጋር ነበር፤ ነገ ወደዚያ ይገባሉ ተብሎ ነበርና። የመማሪያ መጽሐፍ ሲጠፋ መምህራኑ ከቃላቸው ያስተምሩ ነበር።

የቅኝ ግዛቱ ሹማምንት እነዚህን እንግዶች በደስታ ብቻ አልተቀበሏቸውም። አገዛዙ የቆመው ነጭ አዛዥ፣ ጥቁር ታዛዥ ነው በሚል ሥርዓት ላይ ሲሆን፣ ምንም የሌላት፣ እንግሊዝኛ የማትናገር፣ በገዛ እጇ አትክልት የምትኮተኵት ነጭ ሴት ለዚህ ሥርዓት የምትመች አልነበረችም። ስለዚህ ሰፈሮቹ ከከተማ ራቅ ተደርገው ተሠሩ፤ ጦርነቱም ሲያልቅ አብዛኞቹ ከግዛቱ እንዲወጡ ተፈለገ። በሌላ በኩል እነርሱም ነጭ በመሆናቸው የአገሬው ሰው የማያገኘው እንክብካቤ ተደርጎላቸዋል፤ ከባዱን የጉልበት ሥራ በሰፈሩ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት አፍሪካውያን ናቸው። የስደቱን ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች ይህን ነገር ቸል ማለታቸው በእኔ አስተያየት ጉድለት ነው።

በፌብሩዋሪ 1945 በያልታ ሦስቱ ኀያላን የፖላንድን ወሰን ወደ ምዕራብ ገፉት። የቴንጌሩ ሰዎች የተወለዱባቸው አውራጃዎች፣ ከልቮቭና ከቪልኖ ከተሞች ጋር፣ ለሶቪየት ኅብረት ተሰጡ። በዚያው ዓመት በጁላይ እንግሊዝ ለለንደኑ መንግሥት የሰጠችውን ዕውቅና አንሥታ የዋርሶውን ተቀበለች። እንግዲህ «አገራችሁ ግቡ» ሲባሉ የሚገቡት ወደ ማያውቁት የቀድሞ የጀርመን መሬት፣ ከአጋዣቸው ጋር ወደ ተወዳጀ መንግሥት ነበር።

ባል፣ አባት ወይም ልጅ በአንደርስ ጦር ውስጥ ያላቸው የተሻለ ዕድል ገጠማቸው። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1947 የፖላንዳውያን ማቋቋሚያ ሕግ ስላወጣ፣ ወታደሮቹ በዚያ ሲቀሩ ቤተሰቦቻቸው ከአፍሪካ ተከተሏቸው። እዚያም ኑሮው በቆርቆሮ ጎጆ የጦር ሰፈር ተጀመረ፤ ማዕርግም አልረዳም። የታንክ ክፍለ ጦር አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ማቼክ በኤዲንብራ ሆቴል መጠጥ ቀጂ ሆነው ሠርተዋል።

ወታደር ዘመድ የሌላቸው ግን የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ጉዳይ ሆኑ። ተቀባይ አገሮች የሚፈልጉት ጤነኛና ለሥራ የደረሰ ሰው ነበር፤ ልጆች ያሏት መበለት፣ ሽማግሌና ሕመምተኛ ወደ ኋላ ቀሩ።

ከሁሉ የከበደው የሙት ልጆች ነገር ነው። የዋርሶ መንግሥት «የእኛ ልጆች ናቸውና ይመለሱ» አለ፤ ከልጆቹም አንዳንዶቹ በፖላንድ ዘመድ ነበራቸው። ልጆቹ ሲጠየቁ ግን መሄድ አልፈለጉም። ብዙዎቹ የወላጆቻቸውን ሞት ያዩት በግዞት ነበር። በ1949 የሞንትሪያል ሊቀ ጳጳስ ሻርቦኖ ኀላፊነቱን ስለ ወሰዱ፣ ልጆቹ ከቴንጌሩ ተነሥተው በኢጣልያና በጀርመን በኩል አለፉና ከ120 በላይ የሚሆኑት ካናዳ ገቡ። ዋርሶ ይህን የልጅ ስርቆት ብላ ከሰሰች። ክሱን ፖለቲካ ብቻ ነው ብሎ መተው ይቀላል፤ ነገር ግን የዐሥር ዓመት ልጅ ለአንድ አገር «አልፈልግም» ሲል ቃሉ ምን ያህል ይጽናለት የሚለው ጥያቄ በቅንነት የተጠየቀ ጥያቄ ነው። ድርጅቱ የልጆቹን ቃል አጸና።

የቴንጌሩ ሰፈር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋ። ጥቂት ፖላንዳውያን እዚያው አገር ቀርተው ኖሩ። መቶ ዐምሳ ያህል መቃብሮች ያሉበት የስደተኞቹ መካነ መቃብር ዛሬም በቦታው ይገኛል። የለንደኑ ስደተኛ መንግሥትም ያለ ዕውቅና አርባ አምስት ዓመት ከቆየ በኋላ፣ የመጨረሻው ፕሬዚዳንት ካቾሮቭስኪ በዲሴምበር 1990 ዋርሶ ሄደው የመንግሥቱን ምልክቶች በሕዝብ ለተመረጡት ለሌክ ቫዌንሳ አስረከቡ። የቴንጌሩ ልጆች ያን ጊዜ በየሰፈሩበት አገር አያት ለመሆን ደርሰው ነበር፤ የተወለዱባቸው መንደሮችም ያኔ በሶቪየት ኅብረት ውስጥ ነበሩ።